የዓርብ ጭላጭ

ቦቴ ነጂዎቹ «ጭላጭ» ይሉታል። ቦቴው ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ታንከሩ ሥር የሚቀረውን ሦስት አራት መቶ ሊትር ውሃ ማለታቸው ነው። ጭላጭ የነጂው ነው። ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም፤ ብቻ እዚያ ካምፓኒ ጊቢ ሥራ የጀመረ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይነገረዋል፦ ጭላጭህን ሜዳ ላይ አታባክን፣ ለዘመድ ለወዳጅ አድርስ። አካባቢው አቧራ ነው። አንድ መኪና ሽው ካለ ጓዳ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ያስነጥሰዋል። ያ ውሃ ደግሞ ጨውና ቅባት ስላለው አንዴ ከተረጨ አፈሩን ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ እንደ ተራ ውሃ ፀሐይ ባየ ቁጥር አይጠፋም። ስለዚህ ቦቴ ነጂ ያለበት ቤተሰብ ደጁ ጥርት ያለ ነው፤ ጎረቤት ይቀናል።

ክላክስ የዓርቡን ጭላጭ ለታላቅ እህቷ ነበር የምትወስደው።

ክላክስ ብለው ስም ያወጡላት የጊቢው ነጂዎች ናቸው። ፊቷ የቆመ መኪና ወዮለት! ክላክሱን ታንባርቅበታለች፤ ያ አልበቃ ሲላት ደግሞ አንገቷን በመስኮት አውጥታ አፏን ትለቅበታለች። አርባ ሦስት ዓመት የሞላት፣ የቦቴ ጎማ ብቻዋን የምትፈታ፣ ወንዶቹ «ከሷ ጋር ከመጨቃጨቅ ፍሬን በሌለው መኪና ቁልቁለት መውረድ ይሻላል» የሚሉላት ሴት ናት። እህቷ ቤት ስትገባ ግን ስሟ ሚጢ ነው። «ሚጢዬ መጣሽ? ጫማሽን በር ላይ!» ትባላለች። አንድ ቃል ሳትመልስ ታወልቃለች።

ዓርብ ዓርብ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ያንን ግዙፍ መኪና የኋሊት እየነዳች ጠባቡ መንገድ ውስጥ ታስገባዋለች። ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ሩቢኔቱን ትከፍታለች፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ እህቷ በር፣ ከበሩም አልፋ እስከ ውሃ ጉድጓዱ ድረስ መሬቱን ታረሰርሰዋለች። ጉድጓዱ ከበሩ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ አለው፤ ሰፈርተኛው በሙሉ የሚጠጣው ከሱ ነው። ጎረቤቶች ብቅ እያሉ «ኧረ ለኛም ደጅ ጣል አድርጊልን!» ይሏታል። ጣል ታደርግላቸዋለች። ደስ ይላታላ! ሰው ጠቀምኩ ብላ፣ እህቴን አኮራሁ ብላ። ስድስት ዓመት! በየሳምንቱ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ! ይሄን ሳወራው ደሜ ይፈላል።

ውሃው ካምፓኒው ከሚያወጣው ነዳጅ ጋር ከመሬት ሆድ የሚወጣ ነው። ነዳጁን ለይተው ይወስዳሉ፤ ውሃው ግን ከነዳጁ ይበዛል፣ የትም አይጣልም፣ ተመልሶ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መጨመር አለበት። ወረቀቱ እንደዚያ ይላል። መጨመሪያው ፓምፕ ግን ከወር ሁለት ሳምንት ብልሽት ነው። ፓምፑ በቆመ ቁጥር የስምሪት ኃላፊው ከቢሮው ብቅ ይልና እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «ችግር የለም፣ መንገድ ላይ አርከፍክፉት» ይላል። ጎማ ፈነዳ ሲሉት ችግር የለም። ነጂ ታመመ ሲሉት ችግር የለም። ስሙም ችግር የለም ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን ክላክስ ራሷ፣ «ለመሆኑ ይሄ ውሃ ምንድነው?» ብላ ጠይቃው ነበር። «ጨው ነው» አላት። «ጨው ማንን ገድሎ ያውቃል?» አሳቃት። እሷም ስቃ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ሰኞ ጠዋት ደግሞ ችግር የለም የሳምንቱን የጉዞ ቅጽ በአንድ ላይ ያስፈርማቸዋል። ባዶውን! ስንት ሊትር እንደተጫነ፣ የት እንደተራገፈ የሚሞላው እሱ ነው፤ በኋላ፣ ቢሮው ተቀምጦ። ነጂዎቹም ይወዱታል። በየቀኑ ቢሮ ደጅ ከመሰለፍ አንዴ ፈርሞ መገላገል ይሻላል ብለው። ክላክስ እንዲያውም ፈጣኗ ፈራሚ ነበረች፤ አንዱን እግሯን መኪናው ደረጃ ላይ አድርጋ፣ በጉልበቷ ላይ ጫር ጫር ጫር።

እንግዲህ የዛሬ ወር ገደማ፣ አንድ ዓርብ፣ እንደ ልማዷ ጭላጩን ደፍታ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ ጫማዋን በር ላይ ትታ ስትገባ እህቷ ቤት እንግዳ ተቀምጣለች። ወጣት ሴት ናት፤ ጭኗ ላይ ወረቀት ዘርግታለች። ከውሃ ምርመራ የመጣች ባለሙያ ነች። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሰፈሩ ፓምፕ ውሃ ቀድታ ሄዳ ነበር፤ አሁን ውጤት ይዛ መምጣቷ ነው። ጥግ ላይ የእህቷ ሴት ልጅ የራሷን ልጅ ማሙሽን ታቅፋ ጡጦ ታጠባዋለች። ወተቷ አልወርድ ስላላት ማሙሽ ከተወለደ ጀምሮ የሚያድገው በዱቄት ወተት ነው። ስምንት ወሩ ነው፤ ሁለት ጥርስ አብቅሏል።

«ጨው ከልክ በላይ ነው» አለች ባለሙያዋ። «ጨው ብቻ ቢሆን ግን እኔ በአካል አልመጣም ነበር። ውሃችሁ ጠርሙስ ውስጥ ሲናጥ አረፋ ይይዛል። ሰው ሠራሽ ኬሚካል አለበት። ነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ከሚጨምሯቸው ዓይነት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።»

«እኛ እኮ አፍልተን ነው የምንጠጣው» አለች ታላቅየዋ ቀና ብላ። በዚህ በዚህ ማንም አይችላትም። «ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንተክትኬ፣ አቀዝቅዤ፣ በንጹህ ጨርቅ አጥልዬ። ለማሙሽማ ሁለቴ ነው የማፈላው።»

ባለሙያዋ ወረቀቷን አጣጠፈች። «እማማ፣ ይሄ እሳት የሚፈራ ነገር አይደለም። ፀሐይ አያጠፋውም፣ ዓመታትም አያጠፉትም። ሲፈላ የሚተነው ውሃው ነው፤ እሱ እታች ይቀራል። ይብስበታል እንጂ አይቀንስም። ሰውነት ውስጥ ከገባም ቶሎ አይወጣም።»

የእህቷ ልጅ ጡጦውን ከማሙሽ አፍ ነጠቀችው። ማሙሽ እሪ አለ። ሁለቴ የፈላ! ሁለቴ! አያቱ በገዛ እጇ ሁለቴ አፍልታ፣ መርዙን አወፍራ ስታጠጣው ከርማለች፤ በፍቅር፣ በጥንቃቄ፣ በንጹህ ጨርቅ አጥልላ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ላይ ያመጣ ምን ይባላል? እኔ ስም የለኝም።

«ልጁ ምን ይሆናል?» አለች የእህቷ ልጅ።

«ምንም ላይሆን ይችላል። ግን ደሙ መታየት አለበት፤ ሐኪሙ ደግሞ ምን እንደሚፈልግ ማወቅ አለበት። የዚህ ነገር ዓይነቱ በሺህ ይቆጠራል፤ አንዱ ጉበት ነው የሚያጠቃው፣ ሌላው ሌላ ነው። የእኛ ላቦራቶሪ ስሙን ያልነገሩትን አይፈልግም። ስሙ ያለው ካምፓኒው ጋ ነው። ሁለት ጊዜ ጻፍንላቸው፤ የንግድ ምስጢር ነው ብለው መለሱልን። ያንን የሚያስከፍት ዳኛ ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ ታላቅየዋ ዞር አለች። «በዚህ ሰፈር የነዳጅ ጉድጓድ ውሃ ፈሶ ያውቃል?»

ቦቴው ደጅ ቆሟል። ሩቢኔቱ ገና ያንጠባጥባል።

«እታለም» አለች ክላክስ እህቷን፤ «እኔ ነኝ። ጭላጩ ነው። ጨው ነው ብለውኝ ነው እኮ!»

ታላቅየዋ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ክላክስን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ጓንት ለምን ነበር የምታደርጊው?» አለቻት።

«ጨው እጅ ይበላላ!»

«እጅሽን የሚበላውን ነው እኔ ደጅ ያፈሰስሽው?»

ክላክስ እጇን ከኋላዋ ደበቀች፤ እንደ ሕፃን።

«ውጪልኝ» አለች ታላቅየዋ። «ያንንም ጉድ ይዘሽ ከደጄ ሂጂልኝ።»

ሰኞ ጠዋት ክላክስ ጊቢው የደረሰችው ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነው። ችግር የለም ቅጾቹን ዘርግቶ፣ ሻዩን አጠገቡ አድርጎ ተቀምጧል። ብዕሩን ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

«እነዚያ ጊቢው ጥግ የተደረደሩት ሰማያዊ በርሜሎች ውስጥ ያለው ምንድነው?» አለችው። «ነዳጅ ጉድጓዱ ውስጥ የሚጨመረው። ስሙን ጻፍልኝ።»

«ላያቸው ላይ ቁጥር ነው ያለው።»

«ቁጥሩን አይደለም የጠየቅኩህ!»

«እኔም ስሙን አላውቀውም» አለ፤ ሻዩን ፉት አደረገ። «ደሞዝ የሚከፈለኝ ሳላውቅ ነው። ምን ሆነሻል ዛሬ? ችግር የለም፣ ቁጭ በይ።»

«ችግር አለ! የእህቴ የልጅ ልጅ ስምንት ወር ሙሉ ያንን ሲጠጣ ከርሟል! ጨው ነው አልከኝ! እዚች ቆሜ ጠይቄህ፣ ጨው ነው ብለህ ጥርስህን ገልፍጠህብኝ!»

ውጭ ያሉት ነጂዎች ዞረው አዩ። ችግር የለም ተነስቶ በሩን ዘጋ። ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም ፋይል አወረደና ፊቷ ገለጠው። ቅጾች ናቸው፤ በሺህ የሚቆጠሩ። እያንዳንዱ ላይ «ጭነቱ ሙሉ በሙሉ ወደ መጨመሪያ ጉድጓድ ተራግፏል» ይላል፤ ከሥሩ ያ ጫር ጫር ያለው ፊርማዋ። ዓርቦቹንም ጭምር። አንዲት ጠብታ የትም አልፈሰሰችም።

«አየሽ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ ወረቀት ላይ እህትሽ ሰፈር የሄደ ውሃ የለም። ፈሷል ካልሽ ያፈሰሰው ማነው? አንቺ። በሐሰት የፈረመው ማነው? አንቺ። ታዲያ ምን ያስጮህሻል?»

«እሺ ክሰሱኝ!»

«በምን?» ሳቀ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሳቀ! «ምንም አልፈሰሰም እያልኩሽ? ካምፓኒው ባልፈሰሰ ውሃ ሠራተኛ አይከስም። ሂጂ መኪናሽን አስነሺ፤ እኔም አልሰማሁም፣ አንቺም አልተናገርሽም።»

የመኪናውን ቁልፍ ከኪሷ አወጣችና ፋይሉ ላይ ወረወረችው። ሻዩ ተደፍቶ ቅጾቹ ላይ ሲፈስ፣ «እሱም ችግር የለም!» ብላው በሩን ከፍታ ወጣች። ከነጂዎቹ አንዱ «ክላክስ፣ ምነው?» ሲላት አልፋው ሄደች። አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበትን ጊቢ በእግሯ ስትወጣ ያቺው አንዲት ነገር ናት ጭንቅላቷ ውስጥ የምትሽከረከረው። ለምንድነው መከሰሴን የማይፈልጉት? እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ እኮ ካምፓኒ ሠራተኛውን ነው ለውሻ የሚወረውረው። እኔን ለምን ያቅፉኛል?

በእግሯ እየሄደች ገባት። እሷ ከተከሰሰች፣ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምንድነው ያፈሰሰችው?» ብሎ ነው።

በቀጥታ ባለሙያዋ ቢሮ ሄደች። «ተከሳሽ ብታገኙ ስሙ ይወጣል?» ብላ ጠየቀች፤ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም።

ባለሙያዋ ወንበር ሳበችላት። «ካምፓኒውን መክሰስ አልቻልንም፤ ወረቀቱ ንጹህ ነው። አፈሰስኩ የሚል ሰው ካለ፣ ተጎዳሁ የሚልም ካለ ግን መዝገብ ይከፈታል። መዝገብ ከተከፈተ ፍርድ ቤቱ የውሃውን ዝርዝር ከካምፓኒው ማዘዝ ይችላል። አፈሰስኩ የሚለው ሰው ግን...» ብላ ክላክስን አየቻት። «ሊታሰር ይችላል።»

«እሱን ለኔ ተይው» አለች ክላክስ።

ፖሊስ ጣቢያ መዝገብ የያዘው ሃምሳ አለቃ ደህና ሰው ነበር፤ ችግሩ ደህና ሰው መሆኑ ነው። ታሪኩን ሁሉ አስጨርሷት አገጩን አከከ።

«ከሳሽሽ ማነው?»

«እኔው ነኝ።»

«ሰው ራሱን አይከስም እኮ እህቴ። ተበዳይ አለ?»

«ሰፈሩ ሙሉ!»

«ሰፈሩ ሙሉ እዚህ አይፈርምልኝም። አንድ ሰው አምጪ። ተጎዳሁ ብሎ፣ አንቺን በስም ጠርቶ የሚፈርም።»

ሰፈር ሄዳ አንድ ሁለት በር አንኳኳች። ጎረቤቶቹ ጉዱን ሰምተዋል፤ ግማሹ ካምፓኒው ውስጥ ሠራተኛ አለው፤ ግማሹ ደግሞ ውሃውን አሁንም እያፈላ ይጠጣል፤ ሌላ ውሃ የታለና! «እኛ ምን ሆንን? ደህና ነን» አሏት። አንዷማ፣ «ይልቅ አቧራው መልሶ ነፍሳችንን ሊያወጣው ነው፣ ለምን ትተይዋለሽ?» አለቻት። ክላክስ ማንን ልትሰድብ ነው? ያስለመደቻቸው እሷው ናት።

በመጨረሻ እህቷ በር ላይ ቆመች። አልተከፈተላትም። በቆርቆሮው በር ላይ አፏን አስጠግታ ማውራት ጀመረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ። ስለ ፋይሉ፣ ስለ ፊርማዋ፣ ስለ ዳኛው። «እታለም፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ አልመጣሁም። ክሰሺኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

ከውስጥ ማሙሽ ሲነጫነጭ ይሰማል። ከዚያ የታላቅየዋ ድምፅ፣ «ስሙ ይወጣል?» አለ።

«ዳኛው ካዘዘ ይወጣል።»

«ትታሰሪያለሽ?»

«እንጃ።»

በሩ ተከፈተ። ታላቅየዋ ሻርፗን አገልድማ ወጣችና ፊት ፊት መሄድ ጀመረች። መንገዱን ሙሉ አላናገረቻትም፤ ክላክስም ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለቻት።

ሃምሳ አለቃው ሁለቱን አይቶ ወዲያው ገባው፤ ሁለቱም ሰፊ ግንባር፣ ሁለቱም ቀጭን ከንፈር። ወንበር ሰጣቸው። «እህትማማች ናችሁ?» አለ። «ታዲያ ምን እዚህ አመጣችሁ? የእህትማማች ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቀው። እሷ ይቅርታ ትጠይቅ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉ፣ እኔም ምሳዬን ልብላ።»

«ጻፍ» አለች ታላቅየዋ።

«እማማ...»

«ጻፍ አልኩህ! የልጅ ልጄ የጠጣው ነገር ስም የለውም። አንተ ይቅርታ ነው የምትለኝ? ይቅርታ ደሙን ያጥበዋል? ጻፍ!»

ጻፈ። የውሃ ጉድጓዱን፣ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን። ክላክስ አንዱንም አላስተባበለችም። ከዚያ ሃምሳ አለቃው ብዕሩን አቆመና ወደ ክላክስ ዞረ።

«አሁን የምጠይቅሽን አስበሽ መልሺ» አለ፤ ለእሷ አዝኖ እንደሆነ ያስታውቃል። «በስህተት ከሆነ፣ ጨው ነው ብለውኝ ነው ካልሽ፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥቼሽ እዚሁ እዘጋዋለሁ። ቤትሽ ትገቢያለሽ። እያወቅሽ ከሆነ ግን ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። እያወቅሽ ነው ያፈሰስሽው?»

አየ ፈተና! በስህተት ካለች መዝገቡ ይዘጋል፤ ስሙም ከነምስጢሩ እዚያው ይቀራል፤ ማሙሽም ሐኪም ፊት ያለ ስም ይቀርባል። እያወቅኩ ካለች እህቷ አጠገቧ ተቀምጣ ትሰማለች። ለሃምሳ አለቃው መዋሸት ቀላል ነበር። ግን ውሸት ነው? ክላክስ ወንበሩ ላይ ሆና ስድስቱን ዓመት አሰበች። ያፈሰሰችበት መሬት ሣር መልሶ እንዳላበቀለ አይታለች። የሰፈሩ ውሾች የተጠራቀመውን ውሃ አሽትተው ሳይጠጡ እንደሚመለሱ አይታለች። አይታ፣ ጨው ነው ብላ ለራሷ ነግራ፣ ክላክሷን ነፍታ ሄዳለች። ማወቅ ከዚህ ሌላ ምንድነው? ኬሚስት መሆን ነው? ያ ሁሉ በችግር የለም ላይ የነደደው ንዴቷ ዞሮ ራሷ ላይ መጣ፤ አቃጠላት።

«እያወቅኩ ነው» አለች።

ታላቅየዋ አንገቷን አዞረች። ክላክስ ልታያት አልደፈረችም።

«ምን እንደሆነ በስሙ አላውቀውም» ብላ ቀጠለች፤ «ክፉ ነገር እንደሆነ ግን አውቅ ነበር። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ፣ የሰው ምስጋናም ጣፍጦኝ፣ ዝም አልኩ። እንዲህ ብለህ ጻፈው። ያዘዘኝንም ጻፍ፤ ባዶ ወረቀት ያስፈረመኝንም ጻፍ። እኔን ስትከሱ የሰማያዊዎቹን በርሜሎች ስም አብራችሁ ጥሩልኝ፤ ካልጠራችሁ ከዚህ ወንበር ማንም አያስነሳኝም!»

ሃምሳ አለቃው ጻፈ። ወረቀቱን አዙሮ ወደ ታላቅየዋ ገፋው። «ከተከሳሿ ጋር ያለዎት ዝምድና የሚለው ባዶ ነው» አለ።

«እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች» አለች ታላቅየዋ። «ያሳደግኳት እኔ ነኝ።»

«እህት ልበለው?»

«በለው።»

«እህት» ብሎ ጻፈ። ብዕሩን ሊሰጣት ዘረጋና መልሶ ያዝ አደረገው። ጎንበስ ብሎ፣ ክላክስ የማትሰማው መስሎት፣ «ለዘዴው ነው አይደል እማማ?» አላት። «ስሙ ሲወጣ ክሱን ያነሱታል፣ አይደል?»

«ስመጣ ለዘዴው ነበር» አለች ታላቅየዋ። «አሁን ግን ያለችውን ሰማህ አይደል፣ ልጄ?»

ብዕሩን ከእጁ ወስዳ ፈረመች።